ዝም የሚባልበት ሦስት ወር

ስኒሽን ወዲህ በይ እህት ዓለም፣ ቶናውን ልቅዳልሽ። ስለ እንቅርት ነበር የምንጫወተው አይደል? «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ደጋው ላይ እንቅርት መች ብርቅ ሆኖ ያውቃል? ከዳባትና ከደባርቅ እስከ ጃን አሞራ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ሲወርድ አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል። እህሉስ ከየት ያምጣው? ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው ተብሎ በ2003 ዓ.ም. ደንብ የወጣው ለዚሁ ነው። ታዲያ ጨውሽን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፣ ወጡ ላይም መጨረሻ ጨምሪው፤ አዮዲን እሳትም ፀሐይም አይወድም።

ወደ ነገሬ ልመለስ፣ ወደ ነፍሰ ጡሯና ወደ እንቅርት ዕጢዋ። በእኛ አገር እርግዝና ቶሎ አይወራም፤ ዓይን እንዳይበላት ተብሎ ሆዷ እስኪገፋ ዝም ነው። ጎረቤት ባይሰማ ምንም አይደል። ሐኪም አለመስማቱ ነው የሚያስፈራኝ። ለምን? ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የራሱ የእንቅርት ዕጢ ገና ሥራ አልያዘም፤ አንጎሉ የሚያድገው እናቱ በምታካፍለው ሆርሞን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ዕጢዋ ደክሞ ሌቮታይሮክሲን የምትውጥ ሴት ማርገዟን ስታውቅ «ክኒኑ ልጄን ይጎዳብኛል» ብላ ትተወዋለች። ኧረ አትተወው! ልጁን የሚጎዳው መተዉ ነው። እንዲያውም ሐኪሙ ደሟን አይቶ ብዙ ጊዜ መጠኑን በሩብ፣ በሲሶ ያህል ይጨምርላታል። ጠበል ብትጠመቅም እሰየው፤ ጠበልና ክኒን አይጣሉም።

ዕጢዋ ከልክ በላይ የሚሠራባት ግን ነገሯ ሌላ ነው። ለዚህ የሚሰጧት ሜቲማዞልና ካርቢማዞል በተለይ ከ6ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት፣ የልጁ አካል በሚሠራበት ጊዜ፣ ጉድለት ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙውን ጊዜ ወደ ፕሮፒልታዮዩራሲል ይቀይርላታል፤ እሱም ጉበት ሊነካ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በራሷ እጅ እንዳታደርገው! የወር አበባዋ እንደ ቀረ፣ ጎንደር ሆስፒታልም ይሁን ሰፈሯ ያለው ጤና ጣቢያ፣ የምትውጠውን ክኒን ይዛ ትሂድ።

ቡናውስ? ሌቮታይሮክሲን ከቡና ጋር ከተዋጠ በደንብ ወደ ደም አይገባም። እሱን የምትወስድ ሴት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ትዋጠው፤ ቡናዋን 1 ሰዓት ላይ ትጠጣ። ለደም ማነስ የሚሰጣት አይረን ደግሞ ከሱ ቢያንስ አራት ሰዓት መራቅ አለበት፤ ማታ ብታደርገው ይሻላታል።