በዘንዘልማ የኑግ ማሳ

ከባሕር ዳር ተነሥተን ዓባይን በድልድይ ተሻግረን፥ የጎንደርን መንገድ ይዘን ጥቂት እንደ ሄድን ዘንዘልማ ደረስን። ወሩ ጥቅምት ነበርና ኑጉ አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ግምጃ የተነጠፈበት ይመስል ነበር።

አንዲት አበባ ቀጥፈን ተመለከትናት። ነጠላ መስላ ትታይ እንጂ የብዙዎች ማኅበር ናት። በዙሪያዋ የተደረደሩት፥ አብዛኛውን ጊዜ 8 የሚሆኑት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው፤ በመካከልዋም ሌሎች ጥቃቅን አበቦች ታጭቀዋል። ሱፍና አደይ አበባም የዚሁ ወገን ናቸው።

ነገር ግን ኑግ የራሱን ብናኝ ተቀብሎ አያፈራም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ሊመጣለት ይገባል። ዋናይቱ አመላላሽም ንብ ናት።

የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ቀፎ ወደ ሰቀሉበት ዛፍ ወሰዱን። «የኔታ፥ አምና ከዚያ ማዶ ጫት ላይ መድኃኒት ተረጨ። ሦስቱም ቀፎዎቼ ጸጥ አሉ፤ ኑጉም አብቦ አብቦ ገለባ ሆነብኝ» አሉን።

«ጎረቤትዎን ከሰሱት ወይ?» ብንላቸው፥

«የምን ክስ! ቡና ጠርቼ ነገርሁት። ኑግ ሲያብብ ላይረጭ፥ የግድ ከሆነበትም ንብ ከገባች በኋላ ማታ ሊረጭ ቃል ሰጠኝ» ሲሉ መለሱ።

ቀና ብለን አየን። ሁለቱ ቀፎዎች ዳግመኛ ንብ ገብቶባቸዋል፤ ሦስተኛው ገና ባዶ ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ የኑግ ፍሬ ከክብደቱ ከመቶ ወደ 40 የሚደርስ ዘይት አለው። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ በኑግ ዘይት ወጥ የምትሠሩ እናቶች፥ በድስታችሁ ውስጥ የገበሬው ብቻ ሳይሆን የንቢቱም ድካም፥ የጎረቤትም ቃል እንዳለበት ለልጆቻችሁ ንገሩ።