ከሴቻ አፋፍ ቁልቁል፦ ድልድይ ሲታደስ የሚዘጋው መንገድና የጓዳችን ጉዳይ

ወደ አርባ ምንጭ የመሄድ ዕድል ያጋጠመዎት እንደሆነ አንድ ጧት ቀደም ብለው ተነሥተው ወደ ሴቻ ይውጡ። ከተማዋ ሁለት ናት ማለት ይቻላል። ሲቀላ ከታች ከሜዳው ላይ፣ ገበያውና የመኪናው ግርግር የበዛበት ነው። ሴቻ ደግሞ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠ፣ ነፋስ የሚያገኝ ሠፈር ነው። በሁለቱ መካከል ባጃጅና ሚኒባስ ከጧት እስከ ማታ ይመላለሳሉ። ከአፋፉ ላይ ቆመው ፊትዎን ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩ፣ በግራዎ ቀላ ያለው አባያ፣ በቀኝዎ ሰማያዊው ጫሞ ተዘርግተው ይታያሉ። በሁለቱ ሐይቆች መካከል የተጋደመውን ኮረብታማ መሬት ሰዉ «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል።

ያ ድልድይ ሲሚንቶ አልፈለገም፤ የሚታደስበት ቀንም አልተቆረጠለትም። ሰው የሠራቸው ድልድዮች ግን ያረጃሉ፣ ይታመማሉ፣ ለሕክምናም ይዘጋሉ። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እነዚህ ነው።

ይህ የመሐንዲሶች ወሬ ነው ብለው ገጹን እንዳያልፉት። አዲስ አበባ ላይ ልጠው ለልጅዎ የሚሰጡት ሙዝ ከጫኖ፣ ከላንቴ ወይም ከሸሌ እርሻ ተቆርጦ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሙዝ እንደ ጤፍ በጎተራ አይጠብቅም። መኪናው በአንድ ድልድይ አፍ ላይ ቆሞ ቢሰነብት ኪሳራው መጀመሪያ ከገበሬው ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ቀጥሎም ከእርስዎ ዘንቢል ውስጥ ይገባል። ድልድይ የተዘጋበት ሠራተኛም እንዲሁ ነው። እስከ ወንዙ አንድ ባጃጅ፣ ወንዙን በእግር፣ ከወዲያ ማዶ ሌላ ባጃጅ። የመጓጓዣው ሂሳብ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፣ ደመወዙ ግን ያው አንዱ ነው።

ጋሞን ከታች ከቆላው ሆኖ ብቻ ያየ ሰው የአገሩን ወንዞች ጠባይ አይረዳም። ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ብርድና ጉም የማይለየው ደጋ ነው። የጉጌ ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ሐይቆቹ ያሉት ከ1,200 ሜትር ዝቅ ብለው ነው። ከደጋው እስከ ሐይቆቹ ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ ኩልፎ፣ ሐሬ፣ ባሶ፣ ሲሌ የተባሉት ወንዞች ረጋ ለማለት ጊዜ የላቸውም። ድንጋይ እያንከባለሉ፣ አፈር እየጠረጉ፣ ግንድ እየጎተቱ ይወርዳሉ። ሲቀላ ላይ ፀሐይዋ ጠራርታ ሳለ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ኩልፎን አስቆጥቶት ሊመጣ ይችላል። ልብስ ለማጠብ ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የውሃው ቀለም ሲለወጥና ቅጠል መንሳፈፍ ሲጀምር ጨርቃቸውን ሰብስበው ወደ ዳር ይወጣሉ። ድልድዩ ግን ወደ ዳር መውጣት አይችልም፤ የመጣውን ሁሉ እዚያው ቆሞ ይቀበላል።

አብዛኛው ሰው ድልድይ የሚሰበረው ከላይ በጭነት ብዛት ይመስለዋል። ከባድ መኪና አይጎዳውም ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ብዙ ድልድዮችን የጣለው ውሃ ነው። ወራጁ ውሃ ከምሰሶው ጋር ሲጋጭ ወደ ታች ይጠመዘዝና ከእግሩ ሥር ያለውን አፈርና ጠጠር እየዛቀ ያወጣል። ጎርፉ ሲያልፍ ደግሞ ደለል ጉድጓዱን መልሶ ይሸፍነዋል። ስለዚህ በበጋ መጥቶ ላዩን ያየ ሰው ድልድዩ ደኅና መስሎት ይሄዳል። ከውጭ ነጭ ሆኖ ሥሩ እንደተበላ ጥርስ ማለት ነው።

ሌላው ጠላት ዝገት ነው። በድልድይ ወለል ዳርና ዳር የዝናቡ ውሃ የሚወርድባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ጭቃና ቆሻሻ ሲደፍናቸው ውሃው ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከዚያም በስንጥቅ ሰርጎ ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረውን ብረት ያዝገዋል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። የጣራዎ አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖ ግድግዳው ሲበሰብስ አይተው ከሆነ ነገሩ ያው ነው። እዚህ ላይ የራሴን ልበልና፣ አዲስ ድልድይ ሲመረቅ ጥብጣብ ይቆረጣል፣ ንግግርም ይደረጋል። እነዚያን ቀዳዳዎች በአካፋ ለሚጠርግ የቀን ሠራተኛ ግን ሲጨበጨብ አላየሁም። ድልድዩን ዓመታት የሚያሰነብተው ግን እሱ ነው።

እድሳት የተጀመረ እንደሆነ የተጎዳው ኮንክሪት ተፈልፍሎ ይነሣል፤ የዛገው ብረት ይፋቃል ወይም ይለወጣል፤ አዲስ ኮንክሪት ይሞላል። የምሰሶዎቹ እግር በትልልቅ ድንጋይ፣ ወይም በሽቦ ሣጥን በታሰረ ድንጋይ፣ ማለትም በጋቢዮን ይከበባል። ሕዝቡን የሚያናድደው ከዚህ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። «ሠራተኞቹ ጨርሰው ሄደዋል፤ ለምን አይከፍቱትም?» ይባላል። ኮንክሪት ሲደርቅ የጠነከረ ይመስላል እንጂ ጥንካሬው የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው። መሐንዲሶች በተለምዶ አቅሙን የሚለኩት በ28ኛው ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጆንያ ይሸፈናል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከፀሐይ ይጠበቃል። እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሞቃት አገር ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። አራስን በሳምንቷ እንስራ አዝላ ውሃ እንድትቀዳ የሚልክ ሰው የለም፤ አዲስ የተሞላ ድልድይም አራስ ነው። ቶሎ የሚጠነክር ድብልቅ አለ፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

የመተላለፊያው ነገር ከግንባታው ያላነሰ ብልሃት ይጠይቃል። ድልድዩ ሰፊ ከሆነ ግማሹ እየተሠራ በግማሹ በተራ ይታለፋል። በሁለቱ አፍ ላይ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ የያዙ ሰዎች ይቆማሉ። ርቀቱ ረዝሞ የማይተያዩ ከሆነ ለመጨረሻው መኪና በትር ይሰጣል፤ ያ በትር ከወዲያ ማዶ እስኪደርስ ድረስ በዚያኛው በኩል ያለው አይንቀሳቀስም። ቀላል ዘዴ ነው፣ ሬዲዮ ባይኖርም ይሠራል። ድልድዩ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከጎኑ ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ ይዘረጋል፣ ወይም በበጋ ወንዙ ሲጎድል በድንጋይ ተለዋጭ መንገድ ይሠራል። የጋሞን ወንዞች የሚያውቅ ሰው ግን ከወንዙ ውስጥ የተሠራ ተለዋጭ መንገድ ለአንድ ከሰዓት ጎርፍ እንኳ እንደማይበረክት ያውቃል። ስለዚህ ሥራው ከዝናቡ በፊት ማለቅ አለበት፤ በገበያ ቀንም ከቶ መዘጋት የለበትም።

እስካሁን የተናገርነው በተራ ወንዝ ላይ ስላለ ድልድይ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ ያለበት ወንዝ ግን የራሱ ጠባይ አለው። አርባ ምንጭ ላይ ሆኖ ይህን ማንሣት ያምራል። ምክንያቱም በ1979 ዓ.ም. የተከፈተውና በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው እዚሁ ነው። ብዙ የአገራችን የውሃ መሐንዲሶች የሴቻንና የሲቀላን መንገድ በተማሪነታቸው ተመላልሰውበታል።

ግድብ ደለሉን ከሐይቁ ውስጥ ይዞ ያስቀራል። ከግድቡ በታች የሚወጣው ውሃ የጠራ ነው፤ የተሸከመው አፈር ስለሌለ ግን በመንገዱ ያገኘውን አፈር እያነሣ ይሄዳል። ከግድብ በታች ያሉ ድልድዮች እግራቸው በዚህ ምክንያት ይበልጥ ሊራቆት ይችላል። ከግድቡ አናት ላይ የሚያልፍ መንገድ ያለ እንደሆነም ችግሩ ሌላ ነው። መንገዱ በውሃ ማስተንፈሻ በሮቹ ላይ በድልድይ ይሻገራል። ያ ድልድይ ለመኪና ብቻ አይደለም፤ በሮቹን የሚያነሣና የሚጠግን መሣሪያም የሚሠራው ከእሱ ላይ ነው። ስለዚህ እድሳቱ ሐይቁ ዝቅ በሚልበት ወራት፣ በሮቹ በማይፈለጉበት ጊዜ መሆን አለበት። የሐይቁን ከፍታ የሚቆጣጠረው ሰውና መንገዱን የሚዘጋው ሰው አስቀድመው ካልተነጋገሩ ግን መኪናም ውሃም ባልተጠበቀ ሰዓት ይመጣሉ።

ለዚህ አካባቢ ቅርቡ ምሳሌ ኦሞ ላይ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሶዶ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ቢታጠፉ መንገዱ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያወርድዎታል። በወላይታና በዳውሮ መካከል የተሠራው ጊቤ ሦስት ግድብ 243 ሜትር ቁመት፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን፣ የተመረቀው በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ነው። ከሶዶ ወደ ጭዳ ይወስድ የነበረው የቀድሞ መንገድ አንድ ክፍል፣ ከኦሞ ድልድዩ ጋር፣ ሐይቁ ከሚተኛበት ቦታ ላይ ነበር። ስለሆነም መንገዱ ተለውጦ ከግድቡ በታች አዲስ የኦሞ ድልድይ እንዲሠራ ተደረገ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ይህ ድልድይ በእርጅና አልተተወም፣ ለመብራት ሲባል ቦታውን ለቀቀ እንጂ። ቅደም ተከተሉ ቢዛባ፣ ማለትም አዲሱ ድልድይ ሳይከፈት ውሃው ቢተኛ ኖሮ፣ ሶዶ ገበያ ወጥታ የነበረች የዳውሮ እናት ልጇን ከወዲያ ማዶ ትታ ትቀር ነበር። በምሥጋና የሚነገረው የግድቡ ቁመት ነው። እኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ይህ ቅደም ተከተል ይመስለኛል።

አባይም ያንኑ ያስተምራል። ባሕር ዳር ላይ ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው ድልድይ የከተማዋን ሁለት ወገኖች የሚያገናኝ ነበር። ከጣና መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ ማገጃ ለጢስ አባይ ኃይል ማመንጫዎች የሚሄደውን ውሃ የሚመጥነውም እዚያው አቅራቢያ ነው። አዲሱና 380 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ አሮጌው ሥራውን አላቋረጠም። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው በረሃም አዲሱ የኅዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ሲከፈት የተሠራው ከአሮጌው ጎን ነው። አሮጌውን ሳያሰናብቱ አዲሱን ማቆም ገንዘብ ይፈልጋል፤ አውቶቡስ ውስጥ ሕፃን ታቅፋ ለምትጠብቅ ሴት ግን ብዙ ሰዓት ይቆጥባል።

የውጭ አገር ሰዎችም ከዚህ ፈተና አላመለጡም። አሜሪካ ውስጥ በሁቨር ግድብ አናት ላይ ዋና አውራ ጎዳና ያልፍ ነበር። ጠመዝማዛውና ጠባቡ መንገድ በመኪና ተጨናንቆ ሲያስቸግር ቆይቶ፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. በኋላም የጭነት መኪኖች በጥበቃ ምክንያት እንዳያልፉበት ተከልክለው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከግድቡ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተሠራ ድልድይ ጭነቱን ተረከበ።

እንግዲህ በሠፈርዎ ድልድይ ሊታደስ ነው የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ «መንገዱ ይዘጋል» የምትለዋን መስመር ብቻ አንብበው አይመለሱ። ቀበሌዎ ሄደው ይጠይቁ። በስንት ሰዓት ይዘጋል? አምቡላንስ ሲመጣ ማን ያሳልፈዋል? ምጥ የያዛት ሴት ሌሊት ብትመጣ ባንዲራ ያዡ አለ ወይስ ገመዱን አስሮ ቤቱ ገብቷል? ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚሻገሩት ከመኪናው ጋር ነው ወይስ ለብቻቸው? ሥራው ከክረምት በፊት ካላለቀስ ምን ታስቧል?

በተለይ የእግረኛውን መተላለፊያ ስፋት ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከገመድና ከበርሜል ተሠርቶ ለአንድ ሰው ትከሻ በሚሆን ልክ ይተዋል። የጋሞ ሴት ግን ማገዶዋን በጀርባዋ የምታዝለው በአግድም ነው። እስሩ ከትከሻዋ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ክንድ ያህል ወጣ ይላል። በዚያች ቀዳዳ ፊት ለፊት መግባት ስለማትችል በጎኗ ዞራ፣ በአንድ እጇ የድልድዩን ብረት ይዛ፣ ከታች ኩልፎ እየጮኸ ትሻገራለች። ልኩን የሚወስደው ሰው ሜትሩን ከማጠፉ በፊት እሷን ከነሸክሟ አስቁሞ ይለካ።