ቤትና ጌጡ

ቤት ባለቤቱን ይናገራል። ሰው በአደባባይ ሸፍኖት የሚውለው ጠባይ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ስለዚህ የአንድ ዝነኛ ሰው ቤት ለሽያጭ ቀርቦ ውስጡ በፎቶግራፍ ሲታይ፥ ወጣቶች እብነ በረዱንና መስተዋቱን ሲያደንቁ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሁሉ ለማን ዐይን ተሠራ?

ለዚህ ጥያቄ የማይክል ጆርዳንን ቤት ያህል ጥሩ ምሳሌ አላገኘሁም። ሰውዬው ለቺካጎ ቡልስ ቡድን ተጫውቶ ስድስት ጊዜ የአሜሪካን ሻምፒዮናነት ያገኘ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች መሆኑን ወጣት አንባቢዬ ከእኔ አብልጦ ያውቃል። ቤቱ ከቺካጎ በስተ ሰሜን ሃይላንድ ፓርክ በምትባል ከተማ፥ ሦስት ሄክታር ያህል በሆነ መሬት ላይ ይገኛል። የወለሉ ስፋት 5,200 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ዘጠኝ መኝታ ቤቶች፥ ትልቁም ትንሹም ተቈጥሮ 19 መታጠቢያና መጸዳጃ ቤቶች፥ 15 መኪና የሚያስገባ ጋራዥ አለው። (እኔ ካስተማርሁባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ለአራት መቶ ልጆች የነበረው መጸዳጃ ሁለት ነበረ፤ ይህን ያነሣሁት ለማማረር አይደለም፥ ቍጥሩን ሳይ ትዝ ስላለኝ ነው እንጂ።)

በውስጡ እንደ ውድድር ሜዳ በሙሉ ልክ የተሠራ የቅርጫት ኳስ መጫወቻ አለ። ሲጋር እየተጨሰ ካርታ የሚጫወቱበት ክፍልም አለ። ከበሮቹ መካከል ደግሞ የፕሌይቦይ መጽሔት ባለቤት ከነበረበት ከቺካጎው ቤት ተነቅለው የመጡ አሉ፤ እኔን ያሳደጉኝ ሚሲዮናውያን በእነዚያ በሮች ለመግባት ፈቃደኞች ይሆኑ ነበር ብዬ አልገምትም። በውጭ ክብ የሆነ የመዋኛ ገንዳ ይታያል፥ በመካከሉም እንደ ደሴት ሣር የበቀለበት መሬት አለ። በዋናው የብረት በር ላይ 23 የሚል ትልቅ ቍጥር ተለጥፏል፤ የማሊያው ቍጥር ነው።

ቤቱ ለገበያ የቀረበው በ2012 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ)፤ የተጠየቀበትም ዋጋ 29 ሚሊዮን ዶላር ነበረ። በ2013 በጨረታ ቢሞከር ሻጩ የወሰነውን ዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጥ ሰው አልተገኘም። ዋጋው እየወረደ ሄዶ በ2015 በ14,855,000 ዶላር ላይ ቆመ። እንግዲህ እኔ ሒሳብ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ቍጥር ሳይ መደመር አይለቀኝም፤ አንድ፥ አራት፥ ስምንት፥ አምስት፥ አምስት ቢደመር 23 ይሆናል። በዋጋው ላይ እንኳ ማሊያው ተሰቅሎበት ነበር ማለት ነው! እንደዚህ ሆኖ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ግብር እየተከፈለበት ቈየና በ2024 መጨረሻ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። መጀመሪያ ከተጠየቀው ከሲሶው ጥቂት ያነሰ መሆኑ ነው።

በዚያ አገር ቤት ሊሸጥ ሲል አስቀድሞ የቤተ ሰብ ፎቶግራፎች ከግድግዳ ይወርዳሉ፥ ግድግዳው ቀለል ያለ ቀለም ይቀባል፥ አንዳንዴም የኪራይ ወንበርና ጠረጴዛ ይገባበታል። ይህም ሊገዛ የመጣው ሰው ሌላውን ሳይሆን ራሱን በዚያ ሳሎን ተቀምጦ እንዲያይ ነው። የጆርዳን ቤት ግን ፎቶግራፉ ቢወርድ በሩ ይናገራል። የቤቱ መግዘፍና ከከተማው መራቁም ለገዢ መጥፋት ምክንያት እንደ ሆኑ አልክድም፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ቍጥር በተለጠፈበት በር ማታ ማታ መግባት የሚሻ ባለጸጋ ስንት ይገኛል?

ስለዚህም በጆርዳን አልፈርድበትም። በራሱ ገንዘብ፥ ለራሱ ደስታ፥ ራሱ ሊኖርበት ሠራው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፥ ዛሬ በአዲስ አበባ ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት፥ እቁብ ሲደርሰው የተከራየውን ሁለት ክፍል ቤት ጣሪያ በጅብሰም አሠራ፤ በዙሪያውም ቀለም የሚለዋውጥ መብራት አስገባ። አርኣያ የሆኑት በስልኩ የሚያያቸው የዝነኞች ቤቶች ናቸው፤ የጆርዳንንም ቤት ያሳየኝ እርሱ ነው። ነጭ ሶፋ ገዛ። እናቱ ከገጠር ሊጠይቁት መጡና ሶፋው በልብሳቸው እንዳይቈሽሽ ሠግተው፥ ቢለምናቸውም እምቢ ብለው፥ ሦስት ቀን ሙሉ በበርጩማ ላይ ተቀምጠው ሄዱ። አከራዩ ደግሞ ቤቱን አየ፥ አመሰገነ፥ በሦስተኛው ወር ኪራይ ጨመረበት። ልጁ መክፈል ስላልቻለ ሶፋውን ጭኖ ወጣ፤ ጅብሰሙ ለአከራዩ ቀረ፤ የእቁቡ ዕዳ ገና ዐሥር ወር ይቀረዋል። ይህን ሁሉ እየሣቀ ነገረኝ። እኔ ግን በበርጩማው ላይ የተቀመጡት እናት ከዐይኔ ስላልጠፉ መሣቅ አቃተኝ።

ለእርሱም በኋላ ስለዚያው ስለ ጆርዳን ቤት አንድ ነገር ነገርሁት። ቡልስ 72 ጊዜ አሸንፎ ዐሥር ጊዜ ብቻ በተሸነፈበት በ1995–96 የውድድር ዘመን፥ ጆርዳን ከጓደኞቹ ከስኮቲ ፒፔንና ከሮን ሃርፐር ጋር የቡድኑ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ማለዳ በቤቱ እየተገናኘ ብረት ያነሣ ነበር። ብረቱን አንሥተው ሲጨርሱ አብረው ቁርስ ይበላሉ፤ ማኅበራቸውንም የቁርስ ማኅበር ይሉት ነበር። ከዚያ ሁሉ ክፍል አንዱን ጐብኝ ብባል፥ ሲጋር የሚጨስበትንም ከሩቅ በሮች የመጡለትንም ትቼ፥ ያ ብረት የተነሣበትን ክፍልና ያ ቁርስ የተበላበትን ገበታ አሳዩኝ እል ነበር።

ልጁ ጥቂት ዝም አለና ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ክፍሉን ይፈልግ ጀመር።