በሳሌም የእንግዳ ማደሪያዎችና በችሎት መዝገብ ስለ ተገኙ አያቶች

ከቦስተን ከተማ ወደ ሰሜን ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ መንገደኛ በባሕር ዳር ያለችውን የሳሌምን ከተማ ያገኛል። ይህች ከተማ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በ1626 ዓመት በእንግሊዞች የተቆረቆረች ናት፤ በዚህ ጽሑፍ የተነሣው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው። ወደዚያ ከሚጓዙት ሰዎች ብዙዎቹ ወደቡንና የጥንቱን ቤቶች ለማየት ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የሚሄዱት የአያቶቻቸውን ስም ፍለጋ ነው። ከእነዚህም ውስጥ አያታቸው በቅኝ ግዛት ዘመን የእንግዳ ማደሪያ ቤት ባለቤት እንደ ነበረ ከአሮጌ የፍርድ ወረቀት የሚረዱ አሉ።

የእንግዳ ማደሪያ ቤት ባለቤት በችሎት መዝገብ ውስጥ ምን ይሠራል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። በማሳቹሴትስ ያለ ፈቃድ መጠጥ መሸጥ ክልክል ነበር፤ ፈቃዱንም የሚሰጡት ዳኞች ነበሩ። በ1634 የወጣው ደንብ ባለቤቶቹ ለአንድ ሰው ምግብ ከ6 ፔንስ፥ ለአንድ ኳርት ቢራ ከ1 ፔኒ በላይ እንዳይቀበሉ ያዝዛል። ስለዚህ ፈቃድ የለመነ፥ ፈቃዱን ያሳደሰ፥ ደንቡን ተላልፎ መቀጫ የከፈለ ሁሉ ስሙ በጸሐፊ እጅ ተጽፎ ቀረ። በአገራችን ባለርስትና ባለጉልት በወንጌል ኅዳግ ስሙ እንደሚገኝ፥ በዚያም መጠጥ ሻጩ በዳኛ መዝገብ ይገኛል። ሴቶችም አልቀሩም፤ በ1670 ዶሮቲ ጆንስ የምትባል ሴት በቦስተን ቡናና ቸኮላት እንድትሸጥ ተፈቅዶላታል። ከእኛ ምድር የወጣው ፍሬ በየመን አልፎ ዓለምን ዞሮ፥ በዚያ ዳር አገር በዳኞች ወረቀት ላይ ስሙ መገኘቱ ደስ ያሰኛል።

ጽሑፉን ማንበብ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የአንዱ ሰው ስም በየወረቀቱ በሌላ ፊደል ይጻፋል። ደግሞም እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዞች ዓመት የሚለወጠው በማርች 25 ቀን ስለ ነበረ፥ የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ ወረቀት ብዙ ጊዜ በሁለት ዓመተ ምሕረት ተጽፎ ይታያል፤ ዘመኑን በመስከረም ለሚለውጥ ለእኛ አገር ሰው ይህ አያስቸግርም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቢሾፕ ነገር ነው። በ1692 በሳሌምና በአካባቢዋ ብዙ ሰዎች ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው ተከሰሱ። ከተፈረደባቸው ፊተኛ ሆና የተሰቀለችው ብሪጅት ቢሾፕ ናት፤ ቀኑም ጁን 10 ነበር። ስለ እርስዋ በተጻፉ መጻሕፍት፥ በሌሊት ጎልማሶችን እየሰበሰበች የምታስጠጣና የምታጫውት የመጠጥ ቤት ባለቤት ተብላ ብዙ ዘመን ተነገረ። ከእርስዋ የሚወለድ ሰው መጽሐፍ ቢገልጥ የሚያገኘው ይህንኑ ነበር። በ1981 ግን ዴቪድ ግሪን የሚባል የትውልድ መርማሪ የምስክሮቹን ቃል ከየሰዉ መኖሪያ ጋር እያስተያየ፥ ነገሩ የሁለት ሴቶች እንደ ሆነ ገለጠ። የሁለቱም ባሎች ስም ኤድዋርድ ቢሾፕ ነው። ብሪጅት በከተማው የምትኖር ነበረች፤ መጠጥ ቤቱ ግን በሳሌም መንደር በኩል የነበረችው የሣራ ቢሾፕ ነው። ጆን ሄል የተባለው ቄስ በሌሊት ስለሚጠጡትና ስለሚጫወቱት ሰዎች የመሰከረውም በሣራ ላይ ነበር። ሣራም ተከስሳ ታስራ ሳለች ከባልዋ ጋር ከወህኒ አምልጣ ዳነች። እንግዴህ የሞተችው በዳነችው ቤት ታማች።

የጆን ፕሮክተር ወረቀት ደግሞ ሌላ ኀዘን አለበት። ይህ ሰው ቤቱ በኢፕስዊች መንገድ ላይ ስለ ነበረ በ1666 ለመንገደኞች መጠጥ እንዲሸጥ ተፈቀደለት፤ ኋላም ቤቱን በመጠበቅ ባለቤቱ ኤልሳቤጥ ትረዳው ነበር። በ1692 በሁለቱም ላይ ሞት ተፈረደ። እርሱ ኦገስት 19 ቀን ተሰቀለ፤ እርስዋ እርጉዝ ስለ ነበረች ፍርዱ ቆየላትና በዚሁ ተረፈች። ነገር ግን ሞት የተፈረደባት በሕግ ፊት እንደ ሞተች ስለምትቆጠር ከባልዋ ሀብት ድርሻዋን ተከለከለች፤ በ1696 ለሸንጎው ያቀረበችው አቤቱታ ይህንን ያስረዳል። ባለ ፈቃድ አያት አገኘሁ ብሎ የተደሰተ ተወላጅ ጥቂት ገጾችን ቢያልፍ የሚገናኘው ከዚህ ጋር ነው።

ከዚህ ነገር 527 ወረቀቶች በሳሌም ቤተ መዘክር እጅ ብዙ ዘመን ቆይተው በ2023 ወደ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተመልሰዋል። መንግሥቱ በ1711 ለተበደሉት ካሣ ሲከፍል ለፕሮክተርና ለሚስቱ 150 ፓውንድ ቈረጠ። ለብሪጅት ቢሾፕ ግን በዚያ ጊዜ የተከፈለም የተሻረም ፍርድ አልነበረም፤ ስምዋ በሕግ የነጻው በ2001 ኦክቶበር 31 ቀን ነው።