ከፍለሽ ተገላገይ

ደብዳቤው የደረሰኝ ማክሰኞ ማታ ነው። የመኪናዬ ሁለት ፎቶግራፎች አሉበት፤ አንዱ እዚህ ለንደን ካለው የሰፈራችን ሱፐርማርኬት ማቆሚያ ስገባ፣ ሌላው ስወጣ። በነጻ ከተፈቀደው ሁለት ሰዓት 25 ደቂቃ አሳልፌአለሁ። ክፍያው 100 ፓውንድ፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልኩ 60።

ባለቤቴ ከሶፋው ሳይነሣ «ከፍለሽ ተገላገይ» አለኝ። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ እንዲሁ ከፍዬ ተገላግያለሁ። በነዳጁ፣ በኢንሹራንሱና በመንገድ ታክሱ ላይ 60 ፓውንድ ሲጨመር ማን ይደነግጣል?

የዚያን ቀን የዘገየሁት ግን በእናቴ ምክንያት ነበር። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ፣ ሒሳብ ልንከፍል ስንል ደም ግፊቷ ተነሣባት፤ እስኪሻላት ወንበር ላይ አስቀምጠናት ጠበቅን። ደብዳቤውን ሳነብላት «እኛ ጋ ቢሆን ከፓርኪንግ ልጁ ጋር ተከራክሬ እከፍል ነበር። ከካሜራ ጋር ምን ብለሽ ትከራከሪያለሽ?» አለች።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ቅናሽና ቀነ ገደብ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ሳያስብ እንደሚከፍል አውቃለሁ። እናም ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ላኪው የግል ኩባንያ እንጂ ማዘጋጃ ቤት አይደለም። የሁለቱም ወረቀት በአጭሩ «ፒሲኤን» ስለሚባል ይመሳሰላሉ። የማዘጋጃ ቤቱ በሕግ የተጣለ ቅጣት ነው፤ የኩባንያው ግን «በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ውል አፍርሰሻል» የሚል የገንዘብ ጥያቄ ነው።

«እንግዲያው ልጣለው» ማለትም አያዋጣም። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሕግ በግል ይዞታ ላይ ጎማ መቆለፍን ከልክሏል፤ ነገር ግን ሹፌሩ ባይታወቅም ኩባንያው መኪናው የተመዘገበበትን ሰው እንዲጠይቅ ፈቅዷል። በ2015 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ85 ፓውንድ ክፍያን አጽንቷል። በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ አባት ደብዳቤዎቹን ሳይከፍቱ ሲጥሉ ቆዩ። በሌሉበት ተፈረደባቸው፤ በወር ውስጥ ስላልከፈሉም ፍርዱ ለስድስት ዓመት በመዝገብ ተቀመጠ። ለታክሲ ሥራ መኪና በብድር ሊገዙ ሲሉ የተከለከሉት በዚህ ነው።

በ2019 ይህን ዘርፍ ሥርዓት የሚያስይዝ ሕግ ወጥቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 2022 የታተመው መመሪያም ከለንደን ውጪ አብዛኛውን ክፍያ ወደ 50 ፓውንድ የሚያወርድ ነበር። ኩባንያዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ መንግሥት በጁን መመሪያውን አነሣው። ያን ሰሞን ዜናውን ሰምቼው ይሆናል፤ ትዝ አይለኝም። እኛ ከፍለን ስንገላገል እነሱ ጠበቃ ይዘው ነበር።

በማግስቱ ደረሰኜን ይዤ ወደ ሱፐርማርኬቱ ሄድኩ። ለእናቴ ወንበር ያቀረበችው ገንዘብ ተቀባይ አስታወሰችን፤ ሥራ አስኪያጁም ለኩባንያው ጻፈልኝ። እኔም ይግባኜን አስገባሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ክፍያው ተሰርዟል» የሚል አንድ መስመር መልስ መጣ።

ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ በሚማሩበት ቦታ ይህን ሳወራ ከስድስት እናቶች አራቱ ከፍለው ያውቃሉ። «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም ፊት የከፈልኩት 120 ፓውንድ አይመለስም። ቀጣዩ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ካርዴን ከማውጣቴ በፊት ደረሰኜን እፈልጋለሁ። ባለቤቴም አሁን ደረሰኝ አይጥልም።