አገር የለወጠች መኪና ስንት ትጎትታለች?

ሰው ከአገሩ ሲወጣ ፓስፖርቱን፣ የትምህርት ማስረጃውንና የልጆቹን የልደት ወረቀት በጥንቃቄ ሰንዶ ይጓዛል። መኪና ከአገር አገር ስትሻገር ግን ወረቀቷ ሁሉ አብሯት አይሻገርም። የተሠራችበት አገር ሕግ ያልጠየቀውን ቁጥር አምራቹ አይጽፍላትም፤ የደረሰችበት አገር ሕግ ደግሞ ያንኑ ያልተጻፈውን ቁጥር ይጠይቃታል። ነገሩ ለመኪና ነጋዴና ለመካኒክ ብቻ የሚተው ይመስል ይሆናል። ይሁንና በዛሬው ጊዜ ባሕር ማዶ ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ባሕር ማዶ ካሉትም በመኪናቸው ጭነት እያመላለሱ የሚያድሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ በእኛ ቤት የገጠመንን ለአንባቢያን ማካፈል መልካም መስሎ ታይቶናል።

እኛ ካዛንቺስ ተወልደን ያደግን ነን። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማቱ ሲነሣ ዕቃችንን ጠቅልለን፣ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሳንወጣ፣ በቅሎ ቤት አካባቢ ቤት ተከራየን። ኪራዩ ከለመድነው ወጪ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን ይህን ሲሰማ፣ «አታስቡ፣ የኪራዩን ነገር ለእኔ ተዉት» አለን።

ቃሉን የሚፈጽምበት መንገድም ታይቶት ነበር። በእነሱ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ በየመናፈሻውና በየአደባባዩ ገበያ ይቆማል። ሐላል ምግብ የሚፈልገው ሕዝብ ብዙ ነው። ባለቤቱ በሳምቡሳና በዶሮ ወጥ የተመሰገነች ናት። አንድ የአገሩ ልጅ ደግሞ በመኪና የሚጎተት ባለ ጎማ ኩሽና በቅናሽ ሊሸጥለት ተስማማ። ኩሽናው ከነምድጃው፣ ከነጋዝ ሲሊንደሩና ከነውኃው 1,350 ኪሎ ይመዝናል። የሚጎትትበት መኪናም አለው፤ ከጃፓን ያገለገለች ሆና የገባች ቶዮታ አልፋርድ ናት። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ግን ለአባታችን ደወለ። አባታችን ዕድሜያቸውን በተሳቢ መኪና ላይ ያሳለፉ ሾፌር ስለሆኑ፣ በቤታችን የመኪና ነገር ያለ እሳቸው ምክር አይወሰንም።

ወንድማችን ሁሉንም ዘረዘረላቸው። ኩሽናውን የሚሸጠው ሰው «ሞተሯ 2,400 ሲሲ ነው፤ ተራራ ትንዳለች» ብሎታል። ጋንቾውን፣ ማለትም የመጎተቻውን መንጠቆ፣ የሚገጥመው ባለሙያ ደግሞ መንጠቆው 1,500 ኪሎ እንደሚችል ነግሮታል። መንጃ ፈቃዱም ይፈቅድለታል፤ እንግሊዝ ውስጥ ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ተጨማሪ ፈተና ሳይወስድ እስከ 3,500 ኪሎ የሚደርስ ተጎታች ሊስብ ይችላል። እንግዲህ ምን ቀረ?

አባታችን አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ስለ ሞተሩ ነገርከኝ፤ ስለ መንጠቆው ነገርከኝ፤ ስለ ወረቀትህም ነገርከኝ። መኪናዋ ራሷ ምን ትላለች?» ሲሉ ጠየቁት።

መኪናዋ የምትለው ነገር በእርግጥ አለ፤ የምትናገረውም በጽሑፍ ነው። በአውሮፓ ሕግ ለተመረተች መኪና በሾፌሩ በር መቃን ወይም በኮፈኑ ሥር የሻንሲ ቁጥሯን የያዘች ትንሽ ብረት ወይም ልጥፍ አለች። በዚያች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት የክብደት ቁጥሮች ተደርድረው ይገኛሉ። የመጀመሪያው መኪናዋ ከነጭነቷ ልትመዝን የሚገባት ከፍተኛው ክብደት ነው። ሁለተኛው መኪናዋና ተጎታቹ አንድ ላይ ሊመዝኑ የሚገባቸው ጥምር ክብደት ነው። ሦስተኛውና አራተኛው የፊትና የኋላ አክስል የሚሸከሙት ነው። ከሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያው ሲቀነስ የሚጎተተው ልክ ይገኛል። ለምሳሌ ጥምር ክብደቱ 3,800፣ የመኪናዋ ከፍተኛ ክብደት 2,300 ኪሎ ቢሆን፣ ልኩ 1,500 ኪሎ ነው ማለት ነው።

ወንድማችን ወጥቶ በሯን ከፍቶ አየ። የጃፓን ልጥፍ አለ፤ የሻንሲ ቁጥር አለ፤ የሞተር ዓይነት አለ፤ የቀለም ቁጥር ሳይቀር አለ። ጥምር ክብደት የሚል ግን የለም። ይህ የአምራቹ ቸልተኝነት አይደለም። አልፋርድ ለጃፓን ገበያ የተሠራች መኪና ስለሆነች በእንግሊዝ ሕግ የሚጠየቀውን ቁጥር የሚጽፍላት አልነበረም። ዕድሜዋም ከ10 ዓመት ያለፈ ስለነበር አገር ስትገባ አዲስ መኪና የሚጠየቀውን ዝርዝር የማጽደቂያ ምርመራ አላለፈችም። ከዚያም የእንግሊዝን መንግሥት መመሪያ አነበበ። መመሪያው አጭርና ግልጽ ነው፦ በልጥፉ ላይ ጥምር ክብደት ያልተጻፈበትን መኪና ለመጎተቻ አትጠቀሙ ይላል።

ጉዳዩ በቤተሰባችን መካከል ክርክር አስነሣ። እዚያው አገር የሚኖር አንድ የአክስታችን ልጅ፣ «ስንቱ ይጎትት የለም እንዴ? ማንስ አስቁሞ ጠይቆት ያውቃል?» አለ። ከእኛም መካከል የኪራዩን ቀን እየቆጠረ ዝም ያለ ነበር። ወንድማችን ኢንሹራንስ ወደገባበት ድርጅት ደውሎ ሲጠይቅ፣ ከሕጋዊው ልክ በላይ በሚጎተት ነገር ለሚደርስ ጉዳት ሊከራከሩት እንደሚችሉ ነገሩት። ያ ማለት አንድ አደጋ ቢደርስ ዕዳው በእሱና በልጆቹ ላይ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው።

በዚህን ጊዜ አባታችን ስልኩን ተቀብለው ስለ ታርማበር ነገሩት። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ በምትገለገልበት ዘመን፣ ሾፌሮች «ኤንትሬ» በሚሏት ፊያት መኪና ከነተሳቢዋ ይመላለሱ ነበር። «ቡና ጭነን ስንወርድ» አሉት፣ «ከደብረ ብርሃን እስከ ታርማበር ሞተር ያኮራሃል። ዋሻውን አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ስትታጠፍ ግን ሞተር ምንም አይደለም። ተሳቢው ከኋላህ ይገፋሃል። ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል ይሰንፋል። ያን ጊዜ መንዳት አቁመህ መነዳት ትጀምራለህ። ዳገት የሚጠይቅህ ጉልበት ነው፤ ቁልቁለት ግን ልክህን ይጠይቅሃል። ከፊትህ ያለው መንገደኛ ሁሉ ደግሞ በእጅህ ያለ አማና ነው።»

የጉዳዩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የመጎተት ልክ የሚወሰነው ሞተር በሚስበው ብቻ አይደለም። ፍሬን በሚያቆመው፣ ሻንሲ በሚችለው፣ መንጠቆው ላይ ቁልቁል በሚያርፈው ክብደትና በጎማው አቅም ጭምር ነው። ተጎታቹ ከኋላ ከከበደ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው መኪናዋን ራሷን ያዞራታል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከመንጃ ፈቃዱ፣ ከመንጠቆው፣ ከተጎታቹና ከመኪናዋ ቁጥሮች መካከል የሚገዛው ከሁሉ ትንሹ ነው። ፈቃዱ 3,500 ቢል፣ መንጠቆው 1,500 ቢል፣ መኪናዋ ግን ምንም ካላለች፣ የሚሰማው የመኪናዋ ዝምታ ነው።

እናታችን ክርክሩን በአንድ ቃል ዘጉት። «ከሚላከው ገንዘብ የሚበልጥብን ላኪው ነው» አሉ።

ወንድማችን ኩሽናውን አልገዛውም። ክብደት የሚመረምሩ መሐንዲሶች ጥምር ክብደት ወስነው አዲስ ልጥፍ የሚሰጡበት አሠራር እንዳለ ሰምቶ ነበር፤ ወጪውና የሚፈጀው ጊዜ ግን ወቅቱን ሊያሳልፍበት ሆነ። በዚያ በጋ ድንኳን ይዞ፣ ዕቃውን በመኪናዋ ውስጥ ጭኖ፣ ለአንድ ገበያ ሁለት ጊዜ እየተመላለሰ ሠራ። ያገኘው ካሰበው በጣም ያነሰ ነበር። እኛም ሁለት ክፍል ቀንሰን ሌላ ቤት ገባን። አሁን የሚያጠራቅመው ልጥፏ የተሟላ መኪና ለመግዛት ነው፤ ኢንሻአላህ ይሳካለታል።

ሌሎች አገሮች ያሉ ወገኖቻችንም የየአገራቸውን ሕግ እንዲያዩ እንመክራለን። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተራ የመኪና ፈቃድ እስከ 750 ኪሎ የሚደርስ ተጎታች ይፈቅዳል፤ ከዚያ ከበለጠ መኪናውና ተጎታቹ አንድ ላይ ከ3,500 ኪሎ ማለፍ የለባቸውም፤ ለሚበልጠው ተጨማሪ ሥልጠና ወይም ፈተና አለ። በጀርመን ተጎታች የያዘ መኪና መደበኛ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። በእንግሊዝ ፍሬን የሌለው ተጎታች ከ750 ኪሎ ወይም ከመኪናዋ ባዶ ክብደት ግማሽ፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ መብለጥ አይችልም። ከኢትዮጵያ በተሰጠ መንጃ ፈቃድ እንግሊዝ የገባ ነዋሪም መንዳት የሚችለው ለ12 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እዚያው መፈተን ይኖርበታል።

ወደ ራሳችን ከተማ ስንመለስስ? አዲስ አበባም አገር በለወጡ መኪናዎች የተሞላች ናት። ቪትዝ የምንላት የቶዮታ መኪና ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት፤ ብዙዎቹ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የመጡ ናቸው። ሊብሬ ላይ የሰፈረው የመጫን ልክ መኪናዋ በራሷ ላይ የምትሸከመው እንጂ የምትጎትተው አይደለም።

ከዚህም ሌላ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አንዳንድ የአውሮፓ አምራቾች በመመሪያቸው ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚጀመር ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከጥምር ክብደቱ 10 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። ከላይ በምሳሌ ያነሣናትን መኪና እንውሰድ። ከ3,800 ኪሎ 20 በመቶ ሲቀነስ 3,040 ይቀራል፤ ከዚያ 2,300 ሲነሣ 740 ኪሎ ነው። አውሮፓ ውስጥ 1,500 ኪሎ የምትጎትት መኪና አዲስ አበባ ላይ ልኳ ወደ ግማሽ ወረደ ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በዝተዋል። ከእነዚህም መካከል እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 6 ያሉት ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሞተርን ከፍታ አያደክመውም፤ ፍሬኑ፣ ሻንሲውና መንጠቆው ግን ያው ልክ አላቸው። እነዚህ መኪናዎች ቆመው ሲገኙም እንደ ድሮው በገመድ አስሮ መጎተት አይገባም። የሚነዳው ጎማ መሬት ላይ ሲሽከረከር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህም ጉዳት ያደርሳል። አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በጭነት መኪና ላይ መወሰድ አለባቸው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸውም ቢሆኑ የሚነዳው ጎማቸው መሬት ላይ እያለ ሩቅ ከተጎተቱ ካምቢዮው ይበላሻል።

እንግዲህ መኪና ለመግዛት የተሰናዳ፣ ወይም ባሕር ማዶ ላለ ወንድሙ «ይህን ጎትት» ብሎ ሊመክር የተነሣ ሁሉ፣ ስለ ሞተሩ ከመጠየቁ በፊት በሩን ከፍቶ ልጥፉን ያንብብ። ቁጥሩ ካለ በቁጥሩ ይሥራ፤ በከፍታ ላይ ካለም ይቀንስ። ቁጥሩ ከሌለ ከሚመለከተው ባለሙያ በጽሑፍ እስኪያገኝ ድረስ አይጎትት። በሻጭ ቃል፣ በጎረቤት ልማድና በችግር ግፊት የሚጎተት ሸክም ቁልቁለት ላይ ሲደርስ የሚጠይቀው ሻጩን ወይም ጎረቤትን ሳይሆን መሪውን የያዘውን ሰው ነው እንላለን።