የዋይቶሞ ኮከቦች

በእናታችን ቤት ግድግዳ ላይ እኅቴ ከኒው ዚላንድ የላከቻቸው ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። በአንዱ ባሕር ዳር ቆማለች፤ በሌላው ቀይ መኪና ተደግፋለች፤ በሁሉም ትስቃለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ አንድ ባንድ እየጠቆመች ታስጎበኛለች። እኔም ብሆን፣ አልዋሽም፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የታሪክ ማስታወሻ ስጽፍ ልቤ እዚያ ግድግዳ ላይ ነበር። «እስክመረቅ ነው እንጂ እትዬ ትወስደኛለች» እላለሁ።

ባለፈው ክረምት እትዬ ትኬት ቆርጣ ለአንድ ወር አስመጣችኝ። ኦክላንድ ስደርስ ለካ እዚያም ሐምሌ ክረምት ነው! ዝናቡ ከአዲስ አበባ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ። እትዬ የምትሠራው ሌሊት መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ትወጣለች፤ ቢሮ ስታጸዳ አድራ ጎሕ ሲቀድ ትመለሳለች። በስልክ አንድም ቀን አንሥታልኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ቀን «ፈቃድ ወስጃለሁ፤ አገሩን ሳታይማ አትሄድም» ብላ በአስጎብኚ አውቶቡስ ይዛኝ ወጣች።

መጀመሪያ የደረስነው ወደ ደቡብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው የዋይቶሞ ዋሻ ነው። በማኦሪ ቋንቋ «ዋይ» ውኃ፣ «ቶሞ» ጉድጓድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 የአካባቢው ባላባት ታኔ ቲኖራውና ፍሬድ ሜስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀያሽ፣ ከተክል አገዳ ባሰሩት ታንኳ ሻማ ይዘው ወደ ውስጥ ዘለቁ። በ1889 ባላባቱ ራሱ ጎብኚ ማስገባት ጀመረ፤ በ1906 መንግሥት ወሰደው፤ በ1989 መሬቱና ዋሻው ለዘሮቹ ተመለሰ። አስጎብኚያችን «እኔም ከዘሮቹ አንዷ ነኝ» ስትል ድምፅዋ ደልደል አለ። ሰማንያ ሦስት ዓመት! የመሬትን ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ ለምናውቅ ተማሪዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋሻው ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው። ጀልባ ላይ ከመሳፈራችን በፊት ሴትዮዋ ስለ ትሎቹ ነገረችን። የሚያበራው ኮከብም እሳትም አይደለም፤ ትንኝ የምትመስል ዝንብ እጭ ነው፤ በኒው ዚላንድ እንጂ በሌላ አገር አይገኝም። ከጣሪያው ላይ እንደ ጨሌ ያንጠባጠበ የሚያጣብቅ ክር ይዘረጋና ያበራል። ብርሃኑን ዓይቶ የመጣ ነፍሳት ክሩ ላይ ይያዛል፤ ይበላል። ሲርበው ደግሞ ይበልጥ ያበራል። አድጎ ክንፍ ሲያወጣ አፍ የለውም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ተራብቶ ይሞታል።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ሴትዮዋ ከላይ የተወጠረውን ገመድ እየሳበች ጀልባዋን በጨለማ ወሰደችን። ቀና ስንል፣ አንባቢ ሆይ፣ የክረምት ሰማይ ጠርቶ ያየህበትን ሌሊት አስታውስ! ማንም አልተነፈሰም። እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የራበው ነው አይደል በደንብ የሚያበራው?» አለችኝ። ፊቷ አይታየኝም ነበር።

ከቀትር በኋላ ወደ ማታማታ ሄድን። ፒተር ጃክሰን «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ለመቅረጽ በ1998 ያገኘው የበግ እርሻ ነው። አረንጓዴው ኮረብታ ላይ ክብ ክብ በር ያላቸው አርባ አራት ጎጆዎች አሉ። ጭስ ማውጫ አላቸው፤ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ከ2023 ወዲህ ገብተው የሚያዩት ቤት ቢኖርም፣ ከብዙዎቹ በሮች ኋላ ምንም የለም፤ የውስጡ ትዕይንት የተቀረጸው ዌሊንግተን ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ከዋናው ጎጆ በላይ ያለው ትልቅ ዛፍ እንኳ የሰው ሥራ ነው። አስጎብኚው ይህን ሁሉ ሳይደብቅ፣ እየሳቀ ነገረን።

እትዬ አንድ ቢጫ በር ፊት ቆመችና «በል አንሣኝ፤ ለእማዬ ትወስድላታለህ» አለች። ሳቀች። የግድግዳውን ሳቅ አወቅሁት። ስልኩን ዝቅ አደረግሁና፣

«እትዬ፣ ሥራሽን ለእማዬ ለምን አትነግሪያትም?» አልኳት።

«ማን አልነገርኳትም አለህ? በመጀመሪያው ወር ነግሬያታለሁ።»

«እና?»

«‹ለልጁ እንዳትነግሪው፤ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ልፈልግ ይላል› አለችኝ።» ቀሚሷን አስተካከለች። «አንሣኝ እንጂ፤ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው።»

አነሣኋት።

እናቴ ፎቶግራፉን ስሰጣት ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። በሩን አላደነቀችም፤ የማን ቤት ነው አላለችም።

«ከስታለች?» አለችኝ ሳትዞር።

«ከስታለች» አልኳት።